የጎረቤታችን ዛፍ ስሙ ማን ነው?

ሰው ከሰው ጋራ ሲተዋወቅ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስምን ነው። ስም ከታወቀ በኋላ አገር ይጠየቃል፤ አገር ከታወቀ በኋላ ዘመድ ይቈጠራል፤ ከዚያ ወዲያ ባዕድነት ይቀራል። ዐሥር ዓመት ሙሉ አጥር ለአጥር ተጎራብቶ የጎረቤቱን ስም የማያውቅ ሰው ቢገኝ፣ ትዕቢተኛ ነው ተብሎ ይታማል እንጂ እንደ ደኅና ጎረቤት አይቈጠርም። ዳሩ ግን ይህ ደንብ ለሰው ብቻ የተሠራ ይመስላል። በደጃችን ቆሞ በበጋ ጥላውን የሚያበድረንን፣ በክረምት ዝናቡን የሚከላከልልንን፣ ወፎቹን በማለዳ እያስጮኸ የሚቀሰቅሰንን ዛፍ ስሙን ሳንጠይቀው ስንኖር ማንም አይታዘበንም።

ነገሩን ለመፈተን የሚወድ ሰው አንድ ቀላል ሙከራ ያድርግ። ትምህርቱን በሚገባ የተከታተለ አንድ ወጣት ከቤቱ እስከ መሥሪያ ቤቱ ድረስ በመንገዱ ላይ የሚያያቸውን ዛፎች በየስማቸው እንዲጠራ ይጠይቀው። ባሕር ዛፍን ያውቃል፤ ጥድንም ምናልባት ይለያል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ «ዛፍ» ነው። ከዛፍ ያነሰው «ቅጠል»፣ በላዩ የሚያርፈው ደግሞ «ወፍ» ይባላል። ይኸው ወጣት የውጭ አገር ኳስ ተጫዋቾችን ስም ከነተራ ቍጥራቸው፣ የአውቶሞቢሉንና የስልኩን ዓይነት ከነተሠራበት ዓመቱ ለይቶ ይናገራል። በገጠር ከብት የሚጠብቀው የዐሥር ዓመት ልጅ ግን የትኛው ፍሬ እንደሚበላ፣ የትኛው እንጨት ለበትር እንደሚሆን፣ የትኛው ቅጠል ለቍስል እንደሚጠቅም ከነስሙ ያውቃል። ይህን የምንለው ወጣቱን ለመውቀስ አይደለም፤ ያላስተማሩትን ማንም አያውቅም። ነገር ግን ከከብት ጠባቂው ልጅ ወደ ቢሮው ወንበር ስንሸጋገር ከእጃችን የወደቀውን ዕቃ ዘወር ብሎ መፈለግ ይገባል ለማለት ነው።

የወደቀውም ዕቃ ቀላል አይደለም። ሊቃውንቱ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፀዋት እየዘረዘሩ ለመጻፍ የጀመሩት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1980 ሲሆን፣ ሥራው በ8 ቅጽ ተከፍሎ በ2009 ተፈጸመ። በዚህ በሠላሳ ዓመት ያህል ድካም የተመዘገበው የዕፀዋት ዓይነት ወደ 6000 ይጠጋል፤ ከዐሥሩ አንዱ ያህል ደግሞ በዓለም ላይ ከዚህ ምድር በቀር በሌላ ስፍራ አይገኝም። ናሙናዎቹም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው ብሔራዊ የዕፀዋት ማኅደር ደርቀውና ተለጥፈው ይጠበቃሉ። እንግዲህ ሊቃውንቱ ድርሻቸውን አድርገዋል። እናት በጓሮዋ፣ ገበሬ በማሳው፣ እረኛ በተራራው የሚጠሩት ስም ግን ሕይወቱ በሰው አፍ ላይ ነውና፣ አፍ ሲረሳው በመጽሐፍ ውስጥ ቢቀመጥም እንደ ደረቀው ናሙና ይሆናል።

ስሞቹ ከእኛ ርቀው የሄዱ መስሎን እንደሆነ ደግሞ ተሳስተናል። በየቀኑ በአፋችን እንመላለስባቸዋለን። የአዲስ አበባ ሰው ሾላ ገበያ ወርዶ ሲገበያይ የአንድ ትልቅ ዛፍ ስም መጥራቱን አያስበውም። በታክሲ በር ላይ የቆመው ረዳት «መካኒሳ! መካኒሳ!» እያለ ሲጣራ የሚጠራው ዛፍን ነው፤ አማርኛ ብሳና የሚለውን ኦሮምኛ መካኒሳ ወይም በከኒሳ ይለዋልና። ወይራ ሠፈር ስሙ ራሱ ይናገራል። ዛሬ የአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የቆመበት አካባቢ በጥንት ስሙ ብርብርሳ ይባል ነበር፤ ብርብርሳ በአማርኛ ዝግባ ማለት ነው። ከከተማው ወጣ ብንልም ነገሩ ያው ነው። በሐረር በኩል ኤጀርሳ ጎሮ የሚባለው ስፍራ ስሙን ያገኘው ከወይራ ነው፤ በአዊ ያለችው እንጅባራም ኮሶ በር እየተባለች ትጠራለች። አባቶቻችን ለሰፈሩበት ቦታ ስም ሲያወጡ ቀና ብለው ያዩት ዛፍን ነበር ማለት ነው። እኛ ስሙን ወርሰን ዛፉን ረሳነው፤ በአንዳንዱም ስፍራ ስሙ ቀርቶ ዛፉ ሄዷል።

ከመንገድ ወደ ቤት ስንገባም እያንዳንዱ ስም አንድ ሙያ ይዞ ይጠብቀናል። የወተት ዕቃ በወይራ ጢስ ይታጠናል፤ የጠላው ጋን በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠብና በወይራ ወይም በጥንጁት ይታጠናል፤ ከዚያ በኋላ ጌሾው ይገባል። ዋንዛ ፍሬው የልጆች ማር ነው፤ እንጨቱ ደግሞ ከበሮ፣ ሣንቃና ወንበር ይሆናል። ጥድ ምስጥ የማይደፍረው የቤት ምሰሶ ነው። አጋምና ቀጋ ለእረኛ ስንቅ፣ ለገበሬ አጥር ናቸው። ሴቶች እናቶቻችን ይህን ሁሉ ያወቁት መጽሐፍ ገልጠው ሳይሆን እጃቸውን ከእናቶቻቸው እጅ አጠገብ አድርገው ነው። በቤት ውስጥ የጠላው ሽታ ሲመጣ «ይህ የወይራው ነው» ብሎ መለየት የሚችል ሰው ከማይለየው ይልቅ አንድ ደስታ ተጨምሮለታል፤ ለዚህም ደስታ የከፈለው ገንዘብ የለም።

ኮሶንም እንመልከት። ይህ የደጋ ዛፍ ቀይ አበባውን እንደ ወይን ዘለላ አንጠልጥሎ ሲታይ ለዐይን ጌጥ ነው። በቀድሞው ዘመን ግን ሰው የሚያውቀው ለጌጡ ሳይሆን ለመድኀኒትነቱ ነበር። ጥሬ ሥጋ የሚበላው ሕዝብ የሆድ ትሉን ለማውጣት የደረቀውን አበባ ፈጭቶ በውሃ እየበጠበጠ በየጥቂት ወሩ ይጠጣው ነበር፤ የኮሶ ቀንም ሰው ከሥራ ቀርቶ ቤቱ የሚውልበት ቀን ነበረ። ምሬቱም በቋንቋችን ውስጥ ቀርቶ፣ መራራ ነገር ሁሉ ከኮሶ ጋራ ይመዘናል። ዛሬ የሐኪም ኪኒን ተተክቶለታልና ወደዚያ እንመለስ የሚል የለም፤ መጠኑ ያለፈ ኮሶ ሰውን ይጎዳ እንደነበረም ይታወቃል። ነገር ግን «እንደ ኮሶ የመረረ» እያሉ የኮሶን ዛፍ በዐይን አይቶ አለመለየት ተረቱን ይዞ ተራቹን እንደ መርሳት ነው።

ስም ማወቅ፣ አስተውሎም ማየት ምን ያህል ፍሬ እንደሚሰጥ ከእንዶድ ታሪክ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። እንዶድን ያልታጠበበት የአገራችን ነጭ ሸማ ጥቂት ነው፤ ፍሬው ተወቅጦ በውሃ ሲታሽ እንደ ሳሙና አረፋ ይሰጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1964 ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ለመመርመር ወደ ዐድዋ በሄዱ ጊዜ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ከማጠቢያው ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። የቢልሃርዝያ ተሕዋስ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ ውስጥ አልፎ ነውና ነገሩን አልናቁትም። ከእንዶዱ አረፋ ወስደው በሕይወት ባሉት ቀንድ አውጣዎች ላይ ሲሞክሩት ሞቱ። ከዚህ ተነሥተው የደከሙበት ምርምር በዓለም የታወቀ ሆነ፤ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራም በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

በዚያ ወንዝ ዳር ከዶክተሩ በፊት ያለፈ የተማረ ሰው አልነበረም ማለት አይቻልም። እንዶዱም፣ ልብስ አጣቢዎቹም፣ የሞቱት ቀንድ አውጣዎችም ከዚያ በፊት የነበሩ ናቸው። ልዩነቱ እሳቸው ቆም ብለው ማየታቸውና «ይህ የምታጥቡበት ምንድን ነው?» ለማለት አለማፈራቸው ነው። ተማሪ የሆነ ሁሉ ይህን ታሪክ በልቡ ሊያኖረው ይገባል እንላለን። ትልቅ ዕውቀት የሚመጣው ሁልጊዜ ከባሕር ማዶ በመርከብ ተጭኖ ሳይሆን፣ አንዳንድ ጊዜ ከእናታችን የልብስ ማጠቢያ ገበታ ውስጥ ነው።

ዐይን ካልለመደ በፊቱ ያለውንም አያይም። የመስቀል ወፍ ለዚህ ምስክር ናት። በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ወዳጅን «አንተማ የመስቀል ወፍ ሆንህ» እንለዋለን፤ ወፏ በመስከረም መጥታ ከአደይ አበባ ጋራ የምትሄድ ስለሚመስለን ነው። ነገር ግን የመስቀል ወፍ እየተባለች የምትጠራው ቀይና ጥቁር ለባሽ ወፍ አብዛኛውን ጊዜ ወዴትም አልሄደችም። ያ ደማቅ ልብስ የወንዱ ነው፤ የሚለብሰውም በክረምትና በመስከረም በመራቢያው ወራት ነው። ወራቱ ሲያልፍ ላባውን ለውጦ እንደ ሴቲቱ ቡናማና ተራ ይሆናል፤ ከድንቢጦች መካከል ተቀላቅሎም በዚያው በሜዳው ጥሬ ሲለቅም ይከርማል። ጠፋ ያልነው እርሱን ሳይሆን እኛ የምናውቀውን ልብሱን ነው። ባለ ማዕርግ ሰው የማዕርግ ልብሱን ሲያወልቅ ሰላምታ የሚነፍጉት ሰዎች እንዳሉ ሁሉ፣ እኛም በወፉ ላይ ያንኑ አደረግን።

አማርኛችን ራሱ በዚህ ረገድ ከእኛ ይልቅ አስተዋይ ነው። «ወፍ ዘራሽ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ማንም ሳይተክለው የበቀለውን ተክል አባቶቻችን ወፍ ዘራሽ አሉት፤ በዚህ በአንድ ቃል ሊቃውንት በብዙ ገጽ የሚያስረዱት ነገር ተጠቅልሏል። ወፍ የወይራውንና የጥዱን ፍሬ ይበላል፤ ሥጋውን ተመግቦ ፍሬውን በሌላ ስፍራ ይጥለዋል፤ ፍሬውም ያገኘውን አፈር ይዞ ይበቅላል። እንግዲህ አሮጌ ወይራ በቆመበት ስፍራ ወፍ አለ፤ ወፍ ባለበት ነገ ሌላ ወይራ ይኖራል። አንዱን ያለ ሌላው ጠብቆ ማቆየት አይቻልም።

ይህ ነገር በጎላ የሚታየው በየገጠሩ ባሉት አድባራትና ገዳማት ዙሪያ ነው። በሰሜኑ አገራችን በታረሰው ሜዳ መካከል ከሩቅ ጥቁር ደሴት መስሎ የሚታየው ደን ብዙውን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን ዞረው የመረመሩት ሊቃውንት፣ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው፣ በነዚህ በትናንሽ ደኖች ውስጥ ከ160 የሚበልጥ የዛፍ፣ የቍጥቋጦና የሐረግ ዓይነት መዝግበዋል። ከብት ገብቶ ችግኙን እንዳይረግጥና እንዳይግጥ ምእመናኑ ከየማሳው ድንጋይ ለቅመው በብዙ ደብር ዙሪያ ካብ መካባቸውም የሚመሰገን ሥራ ነው። የኦሮሞ አባቶችም በኦዳ፣ ማለት በሾላ ጥላ ሥር እየተሰበሰቡ ሕግ የሚያወጡበትን የገዳ ሥርዓት ይዘው ዛፉን አክብረው አቆይተዋል፤ ይኸው ሥርዓት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ የሰው ልጅ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ደግሞ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር እንደ ተተከለ በትውፊት ይነገራል። በአንዱ ስፍራ ጸሎት፣ በሌላው ሸንጎ፣ በሌላውም የንጉሥ ትእዛዝ ዛፉን ጠበቀው። በሦስቱም ስፍራ ግን ዛፉ የሚታወቅ ነበረ፤ ማንነቱ ያልታወቀ ነገር አይከበርምና።

እዚህ ላይ ነገራችን ወደ ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ ይደርሳል። ዛሬ ወይም ነገ በጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት ይቀርብለታል። ወረቀቱ ስለ መንገድ፣ ስለ ሕንጻ ወይም ስለ ቦታ ድልድል ይሆናል፤ በላዩም «ቦታው ባዶ ነው» ወይም «ቍጥቋጦ ያለበት ነው» የሚል ቃል ይገኝበታል። ስም የማያውቅ ሹም ይህን አንብቦ ይፈርማል፤ ክፋት የለበትም፣ ባዶ የተባለውን ባዶ ነው ብሎ አምኗል። ስም የሚያውቀው ግን ብዕሩን አስቀምጦ ይጠይቃል፤ «ቍጥቋጦ የተባለው ምንድን ነው? ደደሆ ነው? አጋም ነው? በመካከሉ የቆመው ትልቁ ዛፍ ዝግባ አይደለምን? መንገዱ ጥቂት ሜትር ዘወር ቢል ምን ይጎዳል?» ይላል። ምናልባት መልሱ መንገዱ ዘወር ሊል አይችልም የሚል ይሆናል። ያም ቢሆን ዛፉ ታስቦበት ተቈረጠ እንጂ ሳይታይ አልጠፋም። መቶ ዓመት የቆመን ነገር በአንድ ቀን ለማጥፋት ቢያንስ ስሙን አንሥቶ መነጋገር ይገባል።

«ሕዝብ እንጀራ ሲፈልግ እናንተ ስለ ዛፍ ስም ታወራላችሁን?» የሚል ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ከውጭ መጥቶ ባይተከል ኖሮ አዲስ አበባ በማገዶና በቤት መሥሪያ እጦት ትጨነቅ ነበር፤ እስከ ዛሬም ለብዙ ገበሬ የቁጠባ ሣጥኑ ነው። ስለዚህ ባሕር ዛፍን እንደ ጠላት አንቈጥረውም። ነገር ግን የሚያስፈልገውን ዛፍ በሚያስፈልገው ስፍራ መትከል የሚችለው ልዩነታቸውን የሚያውቅ ነው። ምንጭ ዳር የትኛው ይሁን፣ ለማገዶ የትኛው፣ ለከብት ጥላ የትኛው፣ ለልጅ ልጅ የሚቆየው የትኛው ብሎ መለየት እንጀራን መናቅ ሳይሆን እንጀራን አርቆ ማሰብ ነው።

ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአረንጓዴ ዐሻራ ስም ሕዝቡ በየዓመቱ ለችግኝ ተከላ ሲወጣ፣ ተማሪውና የመንግሥት ሠራተኛው ከፊት ተሰልፈው ታይተዋል። ይህ መልካም ነው። ዳሩ ግን ችግኝ እንደ ቈርቈሮ በቍጥር ብቻ የሚነገር ነገር አይደለም። «ስንት ተከልህ?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «ምን ተከልህ?» የሚለው ሊመጣ ይገባል። የተከለውን ስሙን የሚያውቅ ሰው በጥቅምት ሄዶ ያየዋል፤ በየካቲትም ውሃ ይወስድለታል። ስሙን የማያውቀው ግን ጕድጓዱን ሞልቶ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይመለሳል።

ታዲያ ከየት ይጀመር? ነገሩ ወጪም ድካምም የለበትም። ሳምንቱ ሰባት ቀን ነው፤ ከሰባቱም እሑድ ለአብዛኛው ተማሪና ሠራተኛ ዕረፍት ነው። በየእሑዱ አንድ ዛፍ ወይም አንድ ቅጠል ወይም አንድ ወፍ ብቻ ከነስሙ ማወቅ ይበቃል። በዓመቱ መጨረሻ 52 አዳዲስ ወዳጆች ይገኛሉ። አንድ ትንሽ ደብተር ገዝቶ ስሙን፣ የታየበትን ስፍራ፣ ያበበበትን ወር፣ የሚጠቅምበትንም ነገር መጻፍ ነው። በአማርኛ ማን እንደሚባል ከተጻፈ በኋላ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በጉራጊኛ ወይም በሌላው ያገራችን ቋንቋ ማን እንደሚሉት ከባልደረባ መጠየቅ ደግሞ ሌላ ደስታ አለው፤ አንድ ዛፍ ሥር ቆሞ ብዙ ስም መለዋወጥ ከብዙ ስብሰባ ይልቅ ሰውን ያቀራርባል። በአዲስ አበባ የሚኖር ከ700 ሄክታር በላይ ስፋት ባለው በጉለሌ የዕፀዋት ማዕከል ሊንሸራሸር ይችላል፤ ያ የራቀበትም የሰፈሩ ደብር ቅጥር ይበቃዋል።

አስተማሪም አይጠፋም። በቅጥሩ በር ላይ የተቀመጡትን አዛውንት ጠጋ ብሎ ቆብን አውልቆ፣ «አባባ፣ እንደምን ዋሉ? ይህ ዛፍ ማን ይባላል?» ማለት ነው። ጕልት ላይ ጤና አዳምና ዳማከሴ የሚሸጡትን እናት፣ «እማማ፣ ይህኛው ቅጠል ለምን ይሆናል?» ማለት ነው። የሚገኘው መልስ ከስሙ ይረዝማል፤ ዛፉን ማን እንደ ተከለው፣ በየትኛው ዓመት መብረቅ እንደ መታው፣ በሥሩ ማን ከማን ጋራ እንደ ታረቀ ሳይነገር አይቀርም። ለወጣቱ ዕውቀት ነው፤ ለአዛውንቱ ደግሞ ጠያቂ ማግኘት ደስታ ነው። ብዙዎቹ ሽማግሌዎች ይህን ዕውቀት ይዘውት የሚሄዱት ለመንገር ነፍገው ሳይሆን የሚጠይቃቸው አጥተው ነው።

ደስታን ከሩቅና በብዙ ገንዘብ መፈለግ ያለና የነበረ ነገር ነው፤ አንቃወምም። ነገር ግን ወር ሳይሞላ ደመወዙ ያለቀበት ወጣት ሹምና ከቤተሰቡ የሚላክለት ገንዘብ የዘገየበት ተማሪም በእሑድ ጧት የሚደሰቱበት ነገር ያስፈልጋቸዋል። ዝናብ ባባራ ጊዜ የሚሸተውን ጦስኝ፣ በመስከረም ሜዳውን ቢጫ የሚያለብሰውን አደይ፣ በብሳና ቅርንጫፍ ላይ የሚንጫጩትን ወፎች እግዚአብሔር ለባለጠጋና ለድኻ ሳይለይ ሰጥቷል። ሰው የሚለየው በማስተዋሉ ብቻ ነው።

እንግዲህ ይህን ጋዜጣ አንብቦ ሲጨርስ አንባቢያችን ወደ ደጅ ብቅ ይበል። ከበሩ ፊት ለፊት አንድ የሚያውቀው፣ ነገር ግን ስሙን ጠይቆት የማያውቅ ጎረቤት ቆሞ ያገኛል። ስሙን ጠይቆ ይወቅ፤ ነገ ወረቀቱ ከጠረጴዛው ላይ ሲቀርብለት ስለማን እንደሚፈርም ያውቅ ዘንድ።